በቀሚስ ላይ የተወጋ መርፌ

ባለፈው ሳምንት ልጄ አዲስአለም ጉልበቴን ላሳክምሽ ብላ፣ እዚህ ሰመራ አዲስ ወደተከፈተ አንድ ክሊኒክ በባጃጅ አሳፍራ ስትወስደኝ፣ መንገዱን ሙሉ ስለ ሐኪሙ አወራችልኝ። ድምፁን ከፍ አያደርግም። ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው ይነሳል። ሴት ስትሆን ደግሞ ዓይኑን ሰበር ያደርጋል። «ጨዋ ሐኪም ነው፣ እማዬ፤ ትወጂዋለሽ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ጨዋ ሐኪም ሲባል ስሰማ መሸሽ ነው የሚቀናኝ። ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩ። ልጄ ሙቀቱ መስሏት ውሃ ልትገዛልኝ ሮጠች።

ለእሷ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ብነግራትም አያቷን እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ ልታያት አትወድም።

በልጅነቴ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም። ዛሬ ቢሮውና ዩኒቨርሲቲው የቆመበት ሜዳ ጠጠርና ንፋስ ብቻ ነበር። እኛ የምናውቀው አሳይታን፣ አዳይቱንና ወደ አሰብ የሚወርደውን የመኪና መንገድ ነው። ጊዜው የሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ አዋሽ ዳር ያለ መሬት ሁሉ ጥጥ የሚዘራበት ዘመን ነበር። አባቴ ይገዙ ከመንዝ ወርዶ ከአዳይቱ አለፍ ብሎ ባለ አንድ የጥጥ እርሻ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። እናቴ ውባንች እኔን አዝላ ተከተለችው። እርሻው ለጸሐፊዎች የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ነበር። የቀን ሠራተኞቹ ቦይ ዳር በሣር ጎጆ ያድራሉ። በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ርቀት ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ ነው፤ እናቶቻችን ግን ሌላ አገር ያለ ያህል ነበር የሚያወሩት።

የእርሻው ክሊኒክ ሐኪም ስዩም ይባላል። ሁሉም ሰው ግን ዶክተር ይለዋል። ጋዎኑ ከመንጣቱ የተነሳ በፀሐይ ሲያዩት ዓይን ይወጋል፤ ጥፍሩ የተሞረደ ነው፤ ከአንገቱ ሎሚ ሎሚ የሚል ሽቶ ይሸታል። እኛ ቤት ሲመጣ ለእኔ ከረሜላና ባዶ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ከኪሱ ያወጣል። ብልቃጦቹን ደርድሬ አሻንጉሊቴን አክም ነበር። እሱ እንደ ሌላ ሐኪም የት ነው የሚያምህ፣ መቼ ጀመረህ እያለ ሰው አያደክምም። ገና በሩን ሲያልፉ መርፌው ተሞልቶ ይጠብቃቸዋል። የቀን ሠራተኞቹ ተወግተው ወደ ጥጡ ይመለሳሉ፤ የጸሐፊ ሚስቶችን ግን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ይወጋል። ይህን ሰው እግዚአብሔር ነው የላከልን ይባል ነበር፤ እኔም አምን ነበር።

ስዩም ጦር ሠራዊት ውስጥ ቁስል ሲያጥብ የኖረ ድሬሰር እንደነበር የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ድሬሰር መሆን ነውር አይደለም፤ ስንት ድሬሰር ስንት ነፍስ አድኗል። ነውሩ «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አለማወቁ ነው። ሳይጠይቅ የሚወጋ ሰው ማወቅም አያስፈልገውም።

ሌላው ሐኪም አዳይቱ ነበር። ሣህሌ ይሉታል፤ ጎንደር ተምሮ መንግሥት የላከው ነው። እሱን ሳየው ያቅለሸልሸኝ ነበር። ሆዱ የተዘረጠጠ፣ ሸሚዙ ብብቱ ሥር በላብ ቢጫ የሆነ፣ ሲያወራ መፋቂያውን ከአፉ የማያወጣ ሰው ነው። በራፉ ላይ ግመላቸውን ያሰሩ አፋሮችና የቀን ሠራተኞች ተደባልቀው ይቀመጣሉ፤ በየእጃቸው ሰገራቸውን የያዙበት የክብሪት ቀፎ አለ። ቀፎውን ይከፍትና ወደ ብርሃን አዙሮ ያየዋል፤ አንዳንዴም ወደ አፍንጫው ያስጠጋዋል። የሰው አፍ ያሸታል። «ግለጪ» ይላል፤ «ትፊ» ይላል፤ ስንት ጊዜ እንደ ወጡ፣ ምን ዓይነት እንደ ነበር፣ ከየት ውሃ እንደሚጠጡ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ነዝንዞ ሲያበቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ መርፌ አይወጋም። ውሃሽን አፍልተሽ ጠጪ ብሎ የሚያሰናብታት ሴት አለች። በቆርቆሮ ቤቶቹ ዘንድ ዓይኑን በጨው የታጠበ ነበር ስሙ። አንድ ቀን ከእናቴ ጋር በደጁ ስናልፍ ቀፎ ሲያሸት አየሁትና ያን ቀን ምሳዬን መብላት አቃተኝ።

ወንድሜ አትክልት ሲወለድ አባቴ ለክርስትና አባትነት የመረጠው ስዩምን ነው። ብዙ አስቦበታል። ወባ፣ ተቅማጥ፣ ጊንጥና እባብ ባለበት በዚህ ቆላ ሐኪምን አበልጅ ማድረግ ልጆቹን ሁሉ ለሐኪም አደራ መስጠት ነው ብሎ ነበር። በአርባኛው ቀን በእርሻው መኪና ቤተ ክርስቲያኑ ወዳለበት ሄደን ስዩም ልጁን ከቄሱ እጅ ተቀበለ። ጋዎኑን አውልቆ ጋቢ ለብሶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይጠራ የሚገባ፣ ከእንጀራው የመጀመሪያውን ጉርሻ የሚጎርስ የቤታችን ሰው ሆነ። እናቴም ዶክተር ማለቷን ትታ አበልጄ ትለው ጀመር።

የዚያ ዓመት ዝናብ ሲያቆም ትንኙ በዛ። እናቴ ተንቀጠቀጠች፤ በላብ ተጠመቀች። አባቴ ስዩምን ጠራው። ስዩም ግንባሯን በእጁ ጀርባ ነካና ወባ ነው አለ። ኪኒን የሚባለውን የወባ መድኃኒት በመርፌ ቀዳ። በፊት ቢሆን ሴቶቹ ዳሌያቸውን ገለጥ ያደርጉለት ነበር። አሁን ግን እናቴ ልትገልጥ ስትል እጇን ያዘና «አበልጄ ነሽ እኮ፤ እህቴ ማለት ነሽ፤ ገላሽን አላይም» አላት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና በእጁ ዳብሶ በቀሚሷ ላይ ወጋት። ቀሚሷ ቀይ አበባ ያለበት ነው፤ ከተኛች ወዲህ አልታጠበም።

ይህ ነገር በዚያው ቀን በቆርቆሮ ቤቶቹ ሁሉ ተሰማ። የእናቷ ልጅ እንኳ እንዲህ አያከብራትም ተባለ። ውብሸት የሚባለው የመጋዘን ጸሐፊ ሚስት፣ እንዲህ ያለ ሐኪም አበልጅ አላደረግህልኝም ብላ ባሏን እንደ ተቆጣችው ትዝ ይለኛል። እኔም አሻንጉሊቴን ከዚያ በኋላ ፊቴን አዙሬ በቀሚሷ ላይ መውጋት ጀመርኩ።

ትኩሳቱ ወረድ ብሎ እንደገና ተነሳ። ስዩም በሌላው ጎን ወጋት፤ አሁንም በቀሚሷ ላይ። እናቴ ከዚያ ወዲህ በደረቷ ብቻ ትተኛ ጀመር። ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀብራ፣ ለሚመጣው ሰው ጀርባዋን ሰጥታ ትውላለች። አባቴን ያኮረፈች መሰለኝ። ቤቱ ደግሞ ይሸት ጀመር። አልጋው ሥር አይጥ የሞተች መስሎኝ በመጥረጊያ እንጨት ሥሩን ሁሉ ስቆሰቁስ ዋልኩ፤ ምንም አላገኘሁም። አባቴ የሽታው መነሻ እንደ ገባው አሁን አውቃለሁ፤ ምሳውን ደጅ ወጥቶ፣ ቆርቆሮው ጥላ ሥር መብላት የጀመረው ያን ሰሞን ነው። ስዩም ግን ማታ ማታ እየመጣ እዚያው አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ይበላ ነበር። ሽቶው በዝቶ ነበር። አሁንም ሽቶና መግል አንድ ላይ ሆነው አፍንጫዬ ውስጥ አሉ፤ ሎሚ በሻይ የማልጠጣውም ለዚህ ነው።

አንድ ምሽት ስዩም ከሄደ በኋላ እናቴ ከትራሱ ቀና ሳትል አባቴን አዳይቱ ውሰደኝ አለችው። ደግማ ለመነችው።

«አበልጄን ምን ልበለው?» አለ አባቴ። «አንተ አልበቃህም ብዬ ሚስቴን ለዚያ ባለጌ ልገልጣት? ነገ ይህ ሕፃን ቢታመም የማንን በር አንኳኳለሁ?»

እኔ አዳይቱ ስትል ገበያ ልትሄድ መሰለኝ። ይዘሽኝ ሂጂ፣ ጫማ ትገዢልኛለሽ ብዬ ለመንኳት። አባቴ አበልጁ የሚለውን ሰው እንዲህ ስለፈራ አዘንኩለት፤ እናቴን ደግሞ በሽታዋን ሰበብ አድርጋ ገበያ የምትል ሞልቃቃ አድርጌ ቆጠርኳት።

የመኪናው መንገድ ዳር ለሹፌሮች ሻይና ምግብ የምትሸጥ ኡሙሀኒ የምትባል የወሎ ሴት ነበረች። ከእናቴ ጋር ይዋደዳሉ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ አባቴ ሥራ ላይ ሳለ፣ በትንሽ ድስት ሾርባ ይዛ መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ድስቱን መሬት አስቀመጠችና ምንም ሳትጠይቅ አንሶላውን ገለጠችው። እኔ እግራቸው ሥር ስለነበርኩ አየሁ። የእናቴ ዳሌ አብጦ ያብረቀርቃል፤ መሐሉ ጠቁሯል፤ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነገር ደርቋል፤ ዝንብ ነበረበት። የሞተችው አይጥ እናቴ ገላ ላይ ናት ብዬ ጮህኩ።

«አኡዙ ቢላህ» አለች ኡሙሀኒ። «ውቤ፣ ስዩም ይህን አይቶታል?»

«እንዴት ብሎ ያየዋል?» አለች እናቴ። «አበልጄ አይደለም እንዴ?»

«እኔ አበልጅሽ አይደለሁም» አለች ኡሙሀኒ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ወጣች። ወደ አዳይቱ የሚሄድ የጥጥ መኪና አስቁማ ሹፌሩንና ረዳቱን ይዛ ተመለሰች። እናቴን በአንሶላው እንዳለች አንስተው ጥጡ ላይ በደረቷ አስተኟት። አትክልትን ኡሙሀኒ አዘለችው። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በመጨረሻ ገበያ መሄዳችን ነው።

ሣህሌ ወረፋ ሳንጠብቅ ብንገባም አላስቆመንም። መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ጆሮው ላይ ሰካ። «ግለጪ» አለ። እናቴ ስታመነታ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ግለጪ» አለ ደግሞ። ጎንበስ ብሎ አሸተተ፤ በጣቱ ዙሪያውን ተጫነ፤ እግሯን አንሺ፣ ጣትሽን አንቀሳቅሺ አላት። ከዚያ ቢላዋ አነሳ። እናቴ እንዲህ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። መግሉ ፈሶ አንድ ጣሳ ሞላ፤ ሌላ ጣሳ ቀረበ፤ ሁለተኛው ላይ ደም ተጨመረ። ሽታው ደጅ ያሉትን ሰዎች ከመቀመጫቸው አስነሳቸው። እሱ ግን አፍንጫውን አልያዘም። እንዲያውም ወደ ቁስሉ ይበልጥ ተጠጋ። እናቴን እያረዳት መስሎኝ ዘልዬ እጁን ነከስኩት።

እጁን ቀስ አድርጎ ከጥርሴ አላቀቀና «የዚችኛዋ ጥርስ ጤነኛ ነው» አለ። ሳቀ። የሳቀው በእናቴ ላይ መሰለኝና ከዚያ ቀን የበለጠ የጠላሁት ቀን የለም።

ከቁስሉ ውስጥ በወረንጦ አንድ ነገር ስቦ አወጣና ብርሃን ላይ ያዘው። ቀይ ክር ነበር። የቀሚሷ አበባ ክር ነው። ማን በልብስ ላይ እንደወጋት ጠየቃት። እናቴ ከንፈሯን ነከሰች። ኡሙሀኒ ነገረችው። ሣህሌ ከዚያ በፊት ሰምቼ የማላውቀውን ስድብ ተሳደበ፤ ትርጉሙን ካደግሁ በኋላ አውቄ ተገቢ ነው ብያለሁ። ቁስሉን አጥቦ በጨርቅ ከሞላ በኋላ እናቴ ራስጌ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«መግሉን አውጥቼልሻለሁ» አላት። «መርፌው ጅማት ነክቶ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ እግርሽ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። ትኩሳቱ እስከ ነገ ወዲያ ካልለቀቀሽ እኔ አልበቃሽም፤ ደሴ ሆስፒታል ትሄጃለሽ።»

አላውቅም፣ አልበቃም የሚል ሐኪም! በልጅ ልቤ ናቅሁት። ስዩም እንዲህ ብሎ አያውቅም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬ፣ እኔም ታምሜ፣ ባሌንም አስታምሜ፣ ሐኪም የምመርጠው በዚያች በናቅኋት ቃል ነው። አልበቃሽም የሚለኝን፣ የማልወደውን ጥያቄ የሚጠይቀኝን፣ ትቼው ወደ ሌላ ብሄድ የማይቀየመኝን እፈልጋለሁ። አበልጅ የሆነን ሐኪም ግን እንዴት ትተውታላችሁ? ሐኪምን ዘመድ ያደረገ ሰው በሽታውንም ዘመድ አድርጎ ነው የሚኖረው።

ትኩሳቱ በማግስቱ ለቀቃት። ሣህሌ ጨርቁን ለመለወጥ እዚያው አዳይቱ፣ የኡሙሀኒ እህት ሙስሊማ ቤት እንድትሰነብት አደረገ። አባቴ ማታውኑ መጥቶ ነበር። ሲገባ እናቴን እንዴት ነሽ ይላታል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን በራፉ ላይ እንደቆመ፣ ስዩም ሰምቷል አሉ፣ ፊቱ ጠቁሯል፣ ምን አባቴ ይሻለኛል አለ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። አሁንም ያኮረፈች መሰለኝ፤ በዚህኛው እንኳ አልተሳሳትኩም።

ቁስሉ ደርቆ ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ በዱላ ትሄድ ነበር። ግራ እግሯ መሬቱን እየጠረገ ይከተላታል። ከዚያ በኋላ ያ እግር ወደ ቦታው አልተመለሰም። ስዩም ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። በመንገድ ሲያገኘን ሰላምታ አይሰጥም፤ ከረሜላም ቀረ። ሌሎቹ ጸሐፊዎችም ከእኛ ራቅ አሉ፤ ሐኪሙ የተቀየመውን ቤት ማን ይጠጋል። ስዩም የክርስትና ልጄን እናት ለባለጌ አስገለጧት፣ ገመናዋን ስጠብቅላት አዋረዱኝ ይላል ተባለ። አንድ ሌሊት አትክልት ሲያስለው አባቴ እንቅልፍ አጥቶ ሲንቆራጠጥ አደረና ጠዋት ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን አይተው ፈረዱ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ የግምጃ ቤቱ ሹም ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ነበሩ። ጥፋቱ የይገዙ አይደለም፤ እሱ ሥራ ላይ ነበር። ከቤት የወጣችው፣ አበልጇን ሳታስፈቅድ ለሌላ ሐኪም ገላዋን የገለጠችው ሴትየዋ ናት። ስለዚህ በአገሩ ሥርዓት ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅ አሉ። ኡሙሀኒ ይህን ስትሰማ መጥታ ከአባቴ ጋር በራፉ ላይ ሆና ተነጋገረች፤ እኔ የሰማሁት በመጨረሻ «ያ ረቢ፣ እናንተስ ሰዎች» ብላ ስትሄድ ብቻ ነው። ሃይማኖቷ ሌላ ስለሆነ አልገባትም አለ አባቴ።

እርቁ በእኛ ቤት ሆነ። አባቴ ሙክት ፍየል አረደ። እኔ አዲስ ቀሚስ ለበስኩ። ሽማግሌዎቹ ተሰለፉ፤ ስዩም ነጭ ጋዎኑን እንደ ለበሰ መሐላቸው ተቀመጠ። እናቴ የወፍጮውን መጅ ማጅራቷ ላይ አድርጋ፣ ዱላዋን ትታ፣ ያን እግሯን እየጎተተች ከጓዳ ወጣች። ጉልበቱ ሥር ወደቀች። እግሯ አልታጠፍ ብሏት በጎን ነበር የወደቀችው። እኔ ኮራሁባት። እናቴ አጥፍታ ነበር፤ ይኸው ይቅርታ እየጠየቀች ነው፤ ከረሜላውም ይመለሳል። ያን ጊዜ ያሰብኩት ይህን ነው።

አሁን ሳስበው የመጀመሪያው የሚታየኝ የስዩም ጫማ ነው። ጥቁር፣ የተወለወለ ጫማ ነው፤ የእናቴ ትንፋሽ ጉም አልብሶታል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አንድ እንኳ፣ ይህች ሴት የምታነክሰው ከምን የተነሳ ነው ብሎ አልጠየቀም። እኔ ሰው እጠላለሁ የምለው ይህን ሳስታውስ ነው።

ስዩም ጥቂት አስጠበቃት። ከዚያ መጁን ከማጅራቷ አንስቶ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አለ። ጋሽ ወልደ ኢየሱስ እርቅ ደም ያደርቃል ብለው መረቁ። ሁሉም አሜን አለ። ሥጋው ቀረበ፤ ለእኔ ጎድን ደረሰኝ፤ ቅባቱ እስከ ክርኔ ፈሰሰ።

ተበልቶ ሲያበቃ ስዩም ቦርሳውን አስመጣ። ቂም አለመኖሩን ላሳያችሁ አለ፤ አበልጄ ደም አንሷታል፤ የደም መርፌ በነፃ እወጋታለሁ። ሽማግሌዎቹ በአድናቆት አጉረመረሙ። እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ አጠገቧ ተቀምጦ ክንዷን ያዘና የቀሚሷን እጅጌ ሊሰበስብ ጀመረ።

«ተወው፣ ይገዙ» አለ ስዩም ፊቱን ወደ ግድግዳው እያዞረ። «በእጅጌው ላይ ይበቃል።»

«ጨዋ!» አሉ ጋሽ ወልደ ኢየሱስ።

እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። መርፌው ሲወጣ አመሰገነችው። ከዚያ ዱላዋን አንስታ ወደ ጓሮ ሄደች፤ ተከተልኳት። ቆርቆሮውን ተደግፋ ጎንበስ ብላ ታስመልሳለች፤ ትንፋሽ እስኪያጥራት፣ ዓይኗ እስኪቀላ ድረስ አስመለሳት። ሮጬ ተመለስኩና ሥጋው ከብዷት ነው ብዬ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ለእንግዶቹ ነገራቸው፤ እርቁ ጣፍጧት አብዝታው ነው ብለው ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። እናቴ ግን ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ እህል የሚባል በአፏ አልዞረም ነበር።